ባዶ ጆንያ የያዘ በሬ ሻጭ

የድለላ ሥራ የጀመርኩት ሰንበቴ ከብት ተራ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። አለቃዬ ጋሽ ሁሴን ይባላል። ከከሚሴ እስከ ባቲ የማያውቀው ኮርማ የለም ይባልለት ነበር። ዘንጉን አቀበለኝና "በል፣ ያን ዳለቻ በሬ ገምተህ ና" አለኝ።

ሮጥኩ። የበሬውን አፍ ከፍቼ ጥርሱን አየሁ፣ ሻኛውን ጨበጥኩ፣ ሰኮናውን መረመርኩ። ተመልሼም እንደ ቁርኣን ቤት ተማሪ አነበነብኩለት።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"ከባለቤቱ ብብት ሥር ምን አለ?"

አላየሁም። ዞር ብዬ ሳይ የተጣጠፈ ባዶ ጆንያ ነው።

"የበሬ ጥርስ ማንም ያያል" አለ ጋሽ ሁሴን። "ይኼ ሰው ቤቱ እህል አልቋል። በሬውን ሸጦ በጆንያው ማሽላ ይዞ ሊገባ ነው የመጣው። ስለዚህ በሬውን ይዞ መመለስ አይችልም። የቀትሩ ዙሁር እስኪሰገድ ማንም እንዳይጠጋው።"

ማንም አልተጠጋውም። ከዙሁር በኋላ ሰውየው ራሱ ወደ እኛ መጣ። ጠዋት ሲጠራው የነበረውን ዋጋ ስሙንም አላነሳ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ድህነት ምን እንደሆነ ግን ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ገዢ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ይመጣል፤ እሱ በሬውን ያያል፣ እኔ ሻጩን አያለሁ።

እቴ ከዲጃንም ያወቅኋቸው በጆንያቸው ነው። የጨፋ ገበሬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ያርሳሉ። አንድ ክረምት እህል ሲያልቅባቸው ከጥንዱ በሬ አንዱን አመጡ፤ እኔው አሻሻጥኩ። በሬው ሲጎድል ከመሬታቸው ከፊሉን የእኩል ሰጡ። የእኩል ያረሰው ምርቱን ተካፍሎ ሄደ። ምርቱ ሲያንስ በሚቀጥለው ዓመት እህሉ ቀድሞ አለቀ። የቀራቸው አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። እሱ ለቀለብ ከተሸጠ መሬቱ በሙሉ ሰው እጅ መግባቱ ነው። ይህን ገበያው ሁሉ ያውቃል። ድሃ ምስጢር የለውም።

"አንተ ሰይዴ፣ ዓይንህ ብብቴ ሥር ምን ይሠራል?" አሉኝ አንድ ቀን። "እኔ እንደሁ አግብቼ ጨርሻለሁ!"

በዚያው ሰሞን አንድ ድርጅት ለችግረኛ ፍየል አደለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ፍየሎቹም መልካም ነበሩ፤ ብዙዎቹን እሑድ ሰንበቴ ላይ አግኝቻቸዋለሁ።

የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሰሚራ ፍየሎቿን ፍለጋ ገበያ ድረስ መጣች።

"ጋሼ ሰይድ፣ ሰው የተሰጠውን ለምን ይሸጣል?"

"ሰኔ ስለሆነ።"

"በኅዳር ብንሰጠውስ?"

"በኅዳር ማሽላውን ራሱን ይሸጣል። ጉድጓድ ካስገባው እርጥበት ያበላሽበታል፣ ጎተራ ካስገባው ነቀዝ ይጨርስበታል። ነቀዝ ከሚበላው ነጋዴ ይብላው ብሎ በርካሽ ይሰጣል። ሐምሌ ላይ ያንኑ ማሽላ በውድ መልሶ ይገዛል። ለዚያ ነው በሬው እኔ ጋ የሚመጣው።"

ሳቀች፤ ግን አልተወችውም። "ነቀዙን ለእኔ ተወው" አለች። ውስጡ ድርብ ላስቲክ ያለው፣ ጥርቅም አድርገው ሲያስሩት አየር የማያስገባ ከረጢት ነበራት። "የቸገረኝ ከረጢቱ አይደለም፣ ሰዉ ነው። ማኅበር ተደራጁና አብራችሁ አከማቹ ስል ይሸሸኛል።"

አይፈረድበትም። ቀድሞ የተቋቋመው ማኅበር ከነሊቀመንበሩ ነው የጠፋው።

አንድ ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ የእነ እቴ ከዲጃ መንደርተኛ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ከብት ልጠይቅ ሄጄ ስለነበር እኔም ቁጭ አልኩ። በእኛ አገር ቅሬ የሌለው ሰው የለም። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር፣ ለሐዘንተኛው እህል የሚያዋጣ የመንደር ኅብረት ነው። እቴ ከዲጃ ድንገት ተነሡ።

"ለሞተው የሚያዋጣ ቅሬ ለቆመው ምን አነሰው? በውድማ ጊዜ ሁላችንም ማሽላ እናግባ። ክረምት የቸገረው ይበደር፣ ሲያመርት በዚያው ቁና ይመልስ። ወለድ የለውም፤ ሐራም ነው።"

የቅሬው ዳኛ ሸህ አደም ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቅሬ የሞት ነው፣ ከዲጃ። የጠገበ ሰው ደግሞ ይረሳል። የማይመልሰውን ማን ይጠይቀዋል?"

"ማንም አይጠይቀውም። የማይመልሰውን ማን ይቀብረዋል? እሱን ንገሩኝ።"

ዋርካው ሥር ሳቅ ፈነዳ። ሸህ አደምም እየሳቁ ፋቲሃ አሉ፤ ተወሰነ። በውድማ ጊዜ የተዋጣው ማሽላ በሰሚራ ከረጢት ታስሮ ተቀመጠ። ባንክ ለመያዣ ቤት ይጠይቃል፣ ካርታ ይጠይቃል። የዚህኛው መያዣ ቀብር ነው። ከዚህ የጠነከረ መያዣ እስካሁን አላየሁም።

በተከታዩ ክረምት ዝናብ ዘገየ፤ ከብት ተራው በሻጭ ሞላ። እቴ ከዲጃም ያን አንዱን በሬ እየነዱ ከልጃቸው ጋር ብቅ አሉ። ያረጀ በሬ ነው፤ በደህና ዋጋ ካልተሸጠ ወይፈን አይተካም። የዚያን ቀኑ ደንበኛዬ ደመቀ የሚባል የአዲስ አበባ ገዢ ነበር።

"የቀራት እሱ ብቻ ነው አይደል?" አለኝ። "እንጠብቃት።"

"ጋሼ፣ ጆንያ አልያዙም።"

"ረስታው ይሆናል።"

ዙሁር ተሰገደ። እቴ ከዲጃ ሰግደው ግራር ሥር ተቀመጡ፣ ቂጣ አውጥተው ከልጃቸው ጋር በሉ። የቅሬው ማሽላ ቤታቸው ገብቷል፤ ምን ያስቸኩላቸዋል? ደመቀ ዋጋ ላከ።

"ሂን ጉርጉሩ" አሉ። በኦሮምኛ አልሸጥም ማለታቸው ነው።

ጨመረ።

"ሂን ጉርጉሩ።"

ከቀትር በኋላ የሚሰገደው የአስር ሶላት ሲቃረብ የአይሱዙው ሹፌር ጥሩምባ መንፋት ጀመረ። መኪናው ላይ የአንድ በሬ ቦታ ባዶ ነው። ደመቀ ራሱ ተነሥቶ መጣ።

"እናቴ፣ ይዘውት ሊገቡ ነው?"

"እሱ መንገዱን ያውቀዋል፣ ልጄ። አንተ ነህ እንጂ ሩቅ አገር የምትሄደው። እንዳይመሽብህ።"

ሻጭ ለገዢ መንገድ ሲጨነቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደመቀ ጠዋት የጠሩትን ዋጋ ሳያጎድል ከፈለ። እሳቸው ወደ እህል ተራ ዞር ሳይሉ ወይፈን ተራ ገቡ፣ አንድ ደንዳና ቦቃ መረጡ። በሬ ሸጠው በሬ እየነዱ ሲገቡ የመንደሩ ሴቶች በእልልታ ተቀበሏቸው። መኸር ሲደርስ የተበደሩትን ማሽላ ማንም ሳይጠይቃቸው አስገቡ። ቆይተው ሁለተኛ በሬ ጨመሩ፣ የእኩል የሰጡትን መሬትም መልሰው ያዙ፤ ዛሬ ልጃቸው በጥንድ በሬ ያርሰዋል።

የሥራ ጓደኞቼ "ያቺ ሴትዮ ገበያችንን አበላሸችው" ብለው አማረሩ። እኔ አላማረርኩም። የጨነቀው ሻጭ በሬው ሲያልቅ ከገበያው ይጠፋል። ሸጦ የሚተካ ሰው ግን ሲሸጥም ደላላ ይፈልጋል፣ ሲገዛም ደላላ ይፈልጋል።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምነግራችሁ ይኸው ነው። ድሃ ማለት "ዛሬ አልሸጥም" ማለት የማይችል ሰው ነው። ያን ቃል ማለት እንዲችል ያደረገው ነገር ሁሉ ልማት ነው። ሌላው ስብሰባ ነው።