በቅሎ ያልነበራት እናቴ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሱዳን፣ ጀብራ ሰፈር፣ ከጎረቤት የሙሾ ድምፅና የደረት ምት ሰማሁ። ሟቹ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አልቃሿ ግን ጋሻና ፈረስ ሰጥታው እርፍ። ሰው ሲያለቅስ እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ምን ላድርግ፣ የእናቴ ለቅሶ ትዝ አለኝ።

ያኔ ከነርስነት ትምህርት ልመረቅ ወር ቀርቶኝ ነበር። እናቴ በድንገት አረፈች። ሱዳናዊው አባቴ ወንዶቹን ይዞ ውጭ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። የእናቴ ማኅበርተኞች ግቢውን ሞሉት፤ ከባሕሪ ሰፈርም አንዲት አልቃሽ አስመጡ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀትና የላብ ሽታ ትንፋሽ ያሳጥር ነበር። አልቃሿ ገና ውሃ ሳትጠጣ ጥያቄ ጀመረችኝ፦ አገሯ የት ነው፣ አባቷ ማን ይባላል፣ ወንድም አላት ወይ። ምን ትሠራ እንደነበር፣ ምን ያስቃት እንደነበር ግን አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ወዲያው ደረቷን መታ መታ አድርጋ አወረደችው፦

«በቅሎዋ ተጭና ደጅ ቆማ ስትጠብቅ፣
ወይዘሮዋ ቀረች እልፍኟ ሳይደምቅ።»

ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ፤ እኔ ደሜ ፈላ። እናቴ በሐፍላ፣ በሚኒባስ፣ ታጭቃ የሀብታሞቹ ሰፈር ሪያድ ትወርዳለች፤ በሰው ቪላ ልብስ ስትተኩስ ትውላለች። በቅሎውን ከየት አመጡላት? መሞቷ አንሶ በሌላ ሴት ሊለውጡብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ይቺ እናቴ አይደለችም» አልኩ ጮክ ብዬ።

አንዲት ማኅበርተኛ ክንዴን ይዛ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ወግ ነው፤ ዐይብ ነው፣ ነውር ነው፣ ዝም በይ» አለችኝ። አልቃሿ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ኻላስ፣ በቃ፣ እንግዲያው አንቺ አውርጂላት» አለች።

ዐረብኛ ነው አፌን የፈታሁበት፤ አማርኛዬ ስብርብር ያለ ነው። ቢሆንም የመጣልኝን ተናገርኩ፦ የሰው ልብስ ተኩሰሽ፣ ተኩሰሽ፣ የራስሽን አዲሱን ቀሚስ አንድ ቀን እንኳ ሳትለብሺው ሄድሽ አልኩ። ዜማም አልነበረው፣ ቤትም አልመታ። አልቃሿ አሳጥራ በራሷ ዜማ መለሰችልኝ፦

«የሰው ልብስ ተኩሰሽ፣ ተኩሰሽ፣ ተኩሰሽ፣
የራስሽን ቀሚስ ሳትለብሺ ሄድሽ።»

ያኔ ነው እኔም ያለቀስኩት። ሪያድ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች፣ በበቅሎዋ ጊዜ ዝም ያሉት፣ ድምፃቸው ከሁሉ በላይ ወጣ።

ቀሚሱን ያሰፋችው ለእኔ ምርቃት ነበር። በምርቃቴ ቀን እኔ ለበስኩት። ትከሻው ሰፋኝ፤ አላስጠበብኩትም።