ጋን ውስጥ የመለስኩት የደንበኛ ጥያቄ

ከሚዛን ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ የውሃ መሥመር ሠራተኛ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር፣ ኮረብታው ላይ ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን እንዳጥብ ታዘዝኩ። ጋኑ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ጣሪያው ላይ ሰው የሚያስገባ ክዳን ያለው የሲሚንቶ ቤት ነው። ውሃው ተለቅቆ ካለቀ በኋላ በመሰላል ወረድኩና ግድግዳውን እየፈተግሁ መዝሙር ጀመርኩ። ድምፄ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም።

ጥበቃው ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ነበሩ። ዝናብ ሲጀምር ጨርሼ የሄድኩ መሰላቸው። መሰላሉን አውጥተው፣ ክዳኑን ገጥመው ጎጇቸው ገቡ። ስልኬን እንዳይረጥብ ብዬ ቢሮ ትቼው ነበር።

ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። በመጨረሻ በአየር ማስወጫው ቱቦ በኩል የአንዲት እናት ድምፅ ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የውሃ ሠራተኛ መሆኔን፣ ክዳኑ እንደተዘጋብኝ ነገርኳቸውና ጥበቃውን እንዲጠሩልኝ ለመንኳቸው።

"የውሃ ነኝ ነው ያልከው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እንግዲያው እኛ ሰፈር ውሃ ከጠፋ ሦስት ሳምንት አለፈው። ለምንድን ነው?"

ቢሮ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረን፤ መብራት ጠፍቶ ነው እንላለን። እሱኑ አልኩ። መብራት ሳምንቱን ሙሉ ሲበራ መሰንበቱን ነገሩኝና፣ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ቁጭ ሲሉ ሰማሁ።

"እኔ አልቸኩልም" አሉ። "አስበህ ንገረኝ።"

ስለዚያ ሰፈር ከልቤ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቧንቧ ስንጠግን ወደ ሰፈራቸው የሚሄደውን ቫልቭ የዘጋሁት እኔ ነበርኩ። መልሼ መክፈቴ ትዝ አላለኝም።

"እማማ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ረሳሁት።"

ተነሥተው ጥበቃውን ጠሩ።

ሽማግሌው ይቅርታ እየጠየቁ ቢያወጡኝም እናትየዋ ልብስ እንድቀይር እንኳ ፋታ አልሰጡኝም። ለዝናቡ የኮባ ቅጠል ራሳቸው ላይ ደፍተው ከኋላዬ እየተከተሉ ቫልቩ ድረስ ወሰዱኝ። ከከፈትኩት በኋላም ጋኑ ሞልቶ ውሃው እስኪደርስ ድረስ ቤታቸው አስቀምጠው የተቀቀለ ጎደሬ አበሉኝ። ከሰዓት በኋላ ቧንቧው አየር ተነፈሰ፣ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ።

ጎረቤቶች ጀሪካን ይዘው ሲመጡ እማማ ወደ እኔ ጠቆሙ።

"ይሄ ልጅ ነው ያስተካከለልን።"

አንድ በአንድ እየጨበጡ መረቁኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።