ሳይሞከር የተለጠፈው ባቡር

ይህን ነገር ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ከማንም በፊት መስማት ለነበረባት ለሃያትማ ጭራሽ! እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት በቅርቡ ነው፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ስለ ዝናብ ጻፍኩ፣ ስለ ታክሲ ረዳቶች ጻፍኩ፣ ስለ ባጃጅ ሰልፍ ጻፍኩ። ግን ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ የሚጽፍ ሰው ምኑን ጻፈው? ዛሬ አስቀያሚውን እጽፋለሁ። በደንብ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሃያት አይደለችም።

ሃያት ጓደኛዬ ናት። አባቷ ጋሽ ሱልጣን እዚሁ አቃቂ የሞባይልና የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣሉ፤ ቤታቸውም ከሱቁ ጀርባ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ሃያት ጫፋቸው የተበላሸ ኬብሎችን እየቆረጠች፣ አዲስ ጫፍ በካውያ እየበየደች እንደገና ታሠራቸው ነበር። እኔ ደግሞ ምልክት ሣልኩላት። አያቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ባቡር ሣልኩ፦ ሁለት ፉርጎ ያላት ትንሽዬ ባቡር፣ አንዱ ፉርጎ መብራት የጫነ፣ ሌላው ፋይል። ፎቶ ኮፒ ቤት በስቲከር አሳተምናት፤ የሃያት ኬብል አንገት ላይ የምትለጠፈው እሷ ነበረች።

ሁለት ፉርጎ ያደረግኩት ዝም ብዬ አይደለም። ኬብል ውስጥ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ቀዩና ጥቁሩ መብራት ያስተላልፋሉ፣ ነጩና አረንጓዴው ፋይል። ቀዩና ጥቁሩ ብቻ ከተገናኙ ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ግን ስልኩን አያየውም። ስለዚህ ሃያት እያንዳንዱን ኬብል ኮምፒውተር ላይ ሰክታ አንድ ዘፈን ታሳልፍበት ነበር። ያልተሞከረው ኬብል የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቆያል፤ ዘፈኑ ያለፈበት ብቻ ስቲከር ያገኛል። እኔ ለመለጠፍ ስጣደፍ፣ «አንቺ ሰዓሊ፣ መጀመሪያ ሐዲዱ ይዘርጋ እንጂ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሰፈሩ ባቡሯን ወደዳት። «ባቡር ያለበትን ስጡኝ» የሚል ሰው በዛ። እኔማ አበድኩ! ሥዕሌን ሰው እጅ ላይ ሳይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ስልክ ላይ ተንጠልጥላ ሳያት፣ ከተማው ሁሉ የእኔ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ጋሽ ሱልጣን መስጊድ ሄደው፣ ሃያት ልትሰግድ ወደ ቤት ገብታ፣ ሱቁን እኔ ስጠብቅ እትዬ ዘነበች መጡ። ጥልፍ ጠላፊ ናቸው፤ የጥልፋቸውን ንድፍ በሙሉ ፎቶ አንስተው የሚያስቀምጡት ስልካቸው ላይ ነው። ስልኩ ስለሞላ ፎቶዎቹን ወደ ልጃቸው ላፕቶፕ ሊያዛውሩ ፈለጉ። «ያቺን ባቡራችሁን ስጪኝ እስቲ» አሉኝ። የተሞከረ ኬብል አልቋል። ትንሽ ይጠብቁ ማለት አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም። ከቆርቆሮው አንዱን አወጣሁ፣ ባቡሬን ለጠፍኩበት፣ ሰጠኋቸው። እኔ ለጠፍኩ። ሳይሞከር እኔ ለጠፍኩ።

ሰኞ እትዬ ዘነበች እያለቀሱ መጡ። ላፕቶፑ ስልኩን አላይ ሲል፣ ልጃቸው ስልኩ ታሟል ብሎ፣ ፎቶዎቹም ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያሉ መስሎት ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ አጠፋው። ካርዱ ላይ አንድም ንድፍ አልነበረም።

«እሱማ ኬብሉን ጠርጥሮ ነበር እኮ!» አሉ። «ባቡር ያለበት ነው፣ ኬብሉን ተወው ያልኩት እኔው ነኝ።»

ይህን ስሰማ ምን ተሰማኝ? ፍርሃት። ለእትዬ ዘነበች አይደለም፣ ለራሴ።

ሃያት የኬብሉን ጫፍ ፈታችው። አረንጓዴው ሽቦ ተላቆ ነበር። እጇን አይታ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሊዩ፣ ሞክሬው ነበር አይደል?» አለችኝ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን «አዎ፣ የሞከርሽው መሰለኝ» አልኩ። የመጀመሪያውን ጥፋት ችኮላ ልትሉት ትችሉ ይሆናል። ይህንንስ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ስሙን አውቃለሁ፤ ውሸት ነው። የጓደኛዬን እጅ ራሷን እንድትጠረጥር ያደረግኩበት ውሸት።

ጋሽ ሱልጣን እንኳ አልተቆጧትም፤ «እጅ ይሳሳታል፣ ልጄ» ነው ያሏት። እሷ ግን ካውያውን ነቀለች፣ ገመዱን ጠቀለለች፣ ከዚያ በኋላ ነክታው አታውቅም።

አሁን ትምህርት ጨርሰን ኮሌጅ ልንመዘገብ ነው። በዚህ ሳምንት ሃያት አካውንቲንግ ልትገባ እንደሆነ ነገረችኝ። «ኤሌክትሮኒክስስ?» አልኳት። «ባክሽ፣ እሱ ለሚታመን እጅ ነው» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። አያችሁ? ያቺው እኔ ነኝ፣ ዛሬም አብሬ የምስቅ!

ልጅ ነበርኩ አልልም። ሃያትም ልጅ ነበረች፤ እሷ ግን ትሞክር ነበር። ፈርቼ ነው አልልም፣ ረስቼውም ነው አልልም፤ አንድም ቀን አልረሳሁትም።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የእትዬ ዘነበች ንድፎች አይመለሱም፤ ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ሃያት ግን ገና አልተመዘገበችም። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ በራቸውን አንኳኳለሁ። ትጩህብኝ፣ ታባርረኝ፣ ዳግመኛ ስሜን አትጥራ፤ መብቷ ነው። የፈለገችውን ትምህርት ትምረጥ፣ ብቻ ያ ጥፋት ከእጇ እንዳልወጣ አውቃ ትምረጥ።