ክራሩን ያላላሁት እኔ ነኝ

ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኾባር በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያዎች ቴክኒሻን ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የተበላሸ ማሽን ሲመጣልኝ እፈታለሁ፣ እያንዳንዷን ቡሎን በየከረጢቷ ከትቼ ስቲከር እለጥፍባታለሁ፣ ከዚያ መልሼ እገጥማለሁ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ያን ክረምት የሠራሁትን ጥፋት ሌላ ሙያ ያለው ሰው ሊሠራው እንደማይችል እንድትረዱልኝ ነው።

በ2008 ክረምት ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዤ ለእረፍት አዲስ አበባ፣ አባቴ ቤት ገባሁ። ሴቷ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ወንዱ አራት። ልጅቷ ያደገችው ኾባር ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔና ከእናቷ የለቀመችው ነው። ከአያቷ ጋር በስልክ ስትገናኝ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ትልና ስልኩን ለእናቷ ታቀብላለች። አባቴ በዚህ ቅር ይለው ነበር፤ ባይናገርም አውቀዋለሁ። ያን ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲላቸው ግን ከቁም ሳጥኑ ላይ ክራሩን አወረደ። በሁለተኛው ሳምንት እሷ ክራሩን ታቅፋ፣ እሱ ከኋላዋ ተቀምጦ ጣቶቿን እየያዘ፣ ብዙም ሳይነጋገሩ አብረው ይውሉ ጀመር።

እኔ ክራር አልነካም። ልጅ ሆኜ አባቴ ሊያስተምረኝ ፈልጎ እምቢ አልኩት፤ ይህን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ስናገር ኖሬያለሁ። እሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር፤ ከሥራ ሲገባ ለራሱ ክራር ይመታል። የእኔ ልብ ደግሞ ሬዲዮ መፈታታት ላይ ነበር። «ለእንጨትና ለክር ጊዜ አልነበረኝም» እላለሁ፣ ሰው ይስቅልኛል።

ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን አባቴ ክራሩን ለልጅቷ ሰጣት። ሌላ ክራር የለውም። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ጣቱ የሚፈልገውን አውታር አያገኝለትም።

«እኔ ከእንግዲህ አልመታውም» አላት። «የምሰማው ካንቺ ነው። ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ ደውለሽ ያስተማርኩሽን ትጫወቺልኛለሽ። ቃል?»

«ቃል» አለች።

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ይህ ክራር ኾባር በደህና እንዲደርስ የማላደርገው ነገር የለም ብዬ ወሰንኩ፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

በማግስቱ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩና ከልጆች ጋር በአውሮፕላን ሲሄዱ የሙዚቃ መሣሪያ እንዴት እንደሚያዝ አነበብኩ። የጻፉት ጊታር ያላቸው ሰዎች ናቸው። ትንሽ ከሆነ ከሻንጣ ጋር አትስጡት፣ በእጃችሁ ያዙት ይላሉ። ልጁ ራሱ ይሸከመው፣ የኔ ነው ብሎ ይጠነቀቅለታል ይላሉ። አውታሮቹን ትንሽ ላላ አድርጉ ይላሉ። ትንሽ ነው የሚሉት። እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ ልክ የለኝም፤ ስድስቱንም አውታር ከነጨርቅ ጥቅልላቸው ከላይኛው አግዳሚ እንጨት፣ ከቀንበሩ ላይ ፈታሁ። እያንዳንዱን ጠቅልዬ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ከተትኩና ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ለጠፍኩበት። ከቆዳው ላይ ቆማ አውታሮቹን የምትደግፈዋን ብርኩማም በጥጥ ጠቅልዬ ሰባተኛ ከረጢት ሰጠኋት።

ባለቤቴ አየችኝ። «አባባን ጠይቀሃቸዋል?»

«ይሄ ፊዚክስ ነው» አልኳት።

አባቴ ያን ሰዓት ለልጆቹ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ክራሩ በአልጋ ልብስ ተጠቅልሎ በር ሥር ቆሟል። ዳበስ አደረገውና ምንም ሳይል አለፈ።

ልጅቷ ቦሌ የደረሰችው ክራሩን በእናቷ ነጠላ አዝላ ነው። ፍተሻ ላይ የነበረችው ሴት ሳቅ ብላ «ምንድን ነው ያዘልሽው የኔ ቆንጆ?» አለቻት።

«የአያዬን ክራር።»

«እስቲ አንዴ ምቺልኝ።»

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። እኔ ከኮት ኪሴ ሰባቱን ከረጢቶች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ሴትየዋ ከረጢቶቹን አየች፣ ባዶውን እንጨት አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየች። «ውይ ጋሼ፣ ምን በደለዎት?» አለችኝ። ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ፤ ባለቤቴም አብራቸው ሳቀች።

አውሮፕላኑ ለሥራ በሚሄዱና ከእረፍት በሚመለሱ ሴቶች ሞልቶ ነበር። ከራሳችን በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫም ጢም ብሏል። አስተናጋጇ ክራሩን ከታች ወደ ሻንጣዎቹ ልትልከው ስትል ልጄ ክራሩን እቅፍ አድርጋ ያዘችው። ከአጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ይህን አየች። ከኾባር አጠገብ ባለችው በደማም ከተማ ሰው ቤት እንደምትሠራና ልጇን አገር ቤት ትታ እየተመለሰች እንደሆነ ነግራናለች። ተነሥታ የራሷን የሽሮ ሻንጣ ከላይ አወረደችና ከእግሯ ሥር አደረገችው፤ ክራሩ በቦታው ገባ። እስክንደርስ እግሯን አጥፋ ነው የተቀመጠችው። ስለዚያች ሴት ዛሬም ሳስብ ልቤ ይሞቃል።

ደማም ስንደርስ የጉምሩኩ ሰውዬ ዕቃው በማሽን ሲያልፍ ስክሪኑን አጎንብሶ አየና «ዑድ?» ብሎ ጠየቀ፤ የዓረቦቹ ባለ አውታር ሙዚቃ መሣሪያ መስሎት ነው። ይከለክለን ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ልጄ ከፎቃችን ልጆች በተማረችው ዓረብኛ «ላ፣ ሃዛ ሐግ ጀዲ» አለችው፤ የአያቴ ነው ማለቷ ነው። ሰውዬው ፈገግ ብሎ «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም አለና በእጁ እለፉ አለን። ይኸው፣ አንድም ጭረት ሳይነካው ደረሰ ብዬ ኮራሁ።

ኩራቴ አንድ ቀን ቆየ። በማግስቱ አል ሒዛም አል-አኽደር ሠፈር ባለው ቤታችን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ገጠምኩት። ስቲከሩ የትኛው አውታር የት እንደሚታሰር ነገረኝ፤ ምን ያህል እንደሚወጠር ግን አልነገረኝም። ልጅቷ ታቅፋ መታችው። እንደ ሱሪ ላስቲክ ነው የጮኸው። እንደገና ሞከረች። ከዚያ ክራሩን ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ አስተኛችው።

«አባዬ፣ ይሄ የአያዬ አይደለም» አለችኝ።

ከሥራ እየተመለስኩ ሦስት ቀን ታገልኩት። ድምፅ የሚለካ አፕ አወረድኩ፤ የጊታር ነው፣ የፈረንጅ ፊደል እየቆጠረ ያበራል። የአባቴ ክራር በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ማን ይንገረኝ? ልጅቷ የምታውቀው ጣቷ የት እንደሚያርፍ ነው፤ እኔ ደግሞ ምንም አላውቅም። ረቡዕ ዕለት ቀጭኗን አውታር ትንሽ ልጨምር ስል ጧ ብላ ተበጠሰች። ልጄ አልተቆጣችኝም። ክራሩን ልብስ ሳጥኗ ውስጥ አስገብታ ዘጋችበትና፣ «ዓርብ ሲደወል አሟታል በሉት» አለች።

ያቺ ቃል ቆረጠችኝ። አንድ ሽማግሌ ያለውን አንድ ክራር ሰጥቶ ዓርብን እየጠበቀ ነው፤ ልጄ ደግሞ እኔ ባበላሸሁት ልትዋሽለት ነው። ባለቤቴ «ለምን ዛሬውኑ ደውለህ አትነግራቸውም?» ብትለኝ ጮኽኩባት። አልቻልኩማ። ዕድሜ ልኬን ለእንጨትና ለክር ጊዜ የለኝም ስል ኖሬ አሁን የአንተን ክራር ገነጣጥዬ መግጠም አቃተኝ ልበለው? በኋላ ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ የተበጠሰችውን የሚተካ ክር ፍለጋ ባሕሩ ዳር አካባቢ ወዳለ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ለሶላት ዘግተው ስለነበር በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ሻጩ ህንዳዊ ነው፤ የናይለን ክር ስለው «ሰመክ ከቢር?» አለኝ፣ ትልቅ ዓሣ ነው የምታጠምደው ማለቱ ነው። ደረቴ ላይ እጄን አድርጌ ክራር የምመታ መሰልኩለት። ገባው። ሦስት ዓይነት ክር አወጣና አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ሌላውን በእጁ ወጥሮ በጥፍሩ መታው። ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ሦስተኛውንም። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁና ሦስተኛውን መረጥኩ። ለምን እንደመረጥኩት አላውቅም።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ክራሩን ከሳጥን አውጥቼ ሳሎን ተቀመጥኩ። ልጅቷን አጠገቤ አስቀመጥኳት፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ ደወልኩ። አባቴ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ፤ እጁ ላይ ይዞት ነበር ማለት ነው።

«አባባ» አልኩት፣ «ክራሩን ፈታሁት።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «የአልጋ ልብሱን ስዳብስ አውታር የለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ትደውላለህ ብዬ ነዋ። ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩህ።»

ክራሩን ጭኔ ላይ አስተካከልኩ።

«ያ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?» አለ። ማቀዝቀዣው ነው፣ ኤሲው አልኩት። አጥፉት አለ። በነሐሴ ኾባር ላይ ኤሲ ጠፋ። ባለቤቴ ትንሹን ልጅ ይዛ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

«አንደኛው አውታር የልጅቷ ድምፅ ነው» አለኝ። «የቃኘሁት በእሷ ልክ ነው። እሷ ታንጎራጉር፣ አንተ በሷ ላይ አምጣው።»

ለካ እኔ በማሽን የምፈልገው ነገር ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ልጄ አይኗን ጨፍና አንጎራጎረች። ጥቅልሉን አጠበቅኩ። «አልደረሰም» አለ አባቴ። ጨመርኩ። «አለፍከው፤ መልስ።» መለስኩ። «እዚያው ተወው።» ሁለተኛውን ከመጀመሪያው እያስተያየን ቃኘን፤ ሦስተኛውንም። ላቤ ከአገጬ ላይ ወርዶ ቆዳው ላይ እንዳይንጠባጠብ ልጄ በነጠላው ትጠርግልኛለች። መስመሩ ሲቆራረጥ እንጠብቃለን፣ ሲመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን። አራተኛው ላይ «አለፈ» ሲለኝ እኔም በዚያችው ቅጽበት እጄን ወደኋላ መልሼ ነበር። አምስተኛው ላይ እሱ የሚያርመው አጣ። የቀረችው የዓሣ ማጥመጃዋ ክር ናት። እሷን ስወጥር ስልኩ ጭራሽ ተቋረጠ። ቀስ እያልኩ ወጠርኳትና አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ እጄ ቆመ። ልጄ ራሷን ነቀነቀች።

መልሰን ደወልንና ክራሩን ለእሷ ሰጠኋት። ተጫወተች። ሁለት ቦታ ሳተች፣ ሁለቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረች። ስትጨርስ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«አያዬ፣ አለህ?»

«አለሁ የኔ እናት። እንደገና ተጫወቺልኝ።»

እንደገና ተጫወተችለት። ከዚያ አባትሽን ስጪኝ አለ። ድምፅ ማጉያውን አጥፍቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

«ስድስተኛዋን ማን ቃኛት?»

«እኔ።»

«መስመሩ ጠፍቶ እያለ?»

«አዎ።»

«ሰባት ዓመትህ ሆኖ ክራር ላስተምርህ ስል አውታሮቹን መለየት አቃተህ፣ እናም አለቀስክ» አለኝ። «ይሄ ልጅ ለዜማ ጆሮ የለውም፣ አላሳፍረውም ብዬ ክራሩን ከእጅህ ወስጄ ኳስ ገዛሁልህ። ደስ ብሎህ ወጣህ። እኔም ሁለተኛ አላነሣሁብህም። ተሳስቻለሁ ልጄ።»

ማልቀሴን ፈጽሞ አላስታውስም። ኳሱን አስታውሳለሁ፤ ቀይ ነበር፣ ሠፈር ውስጥ ማንም እንደዚያ ያለ ኳስ አልነበረውም። እምቢ አልኩት እያልኩ ሠላሳ ዓመት ሰው ያሳቅኩበት አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸፍኖልኝ ነው የኖረው። እወድሃለሁ ልለው ፈለግኩ፤ እንዲያ ተባብለን አናውቅም።

«አባባ» አልኩት፣ «አንተ እኮ በትዕግሥት ታስተምራለህ።»

«በል አሁን ኤሲውን ክፈትላቸው» አለኝ።