ከተንበረከኩ የማይነሱት አያ ይግዛው

ደባርቅ ላይ አንዴ ከወረደ በቀላሉ የማይነሳ ነገር ሁለት ነው ይባል ነበር፤ አንዱ የክረምት ጉም፣ ሌላው የአያ ይግዛው ጉልበት። ጉሙስ ቢሆን ፀሐይ ስትበረታበት ይገፈፋል። አያ ይግዛው ግን ለዕርቅ ከተንበረከኩ ዝናብ አያስነሳቸው፣ በረዶ አያስነሳቸው፣ የሰሜን ውርጭ ጢማቸው ላይ ቢጋገር እንኳ ንቅንቅ አይሉም። አንድ ጊዜ ከአንድ እልኸኛ ፊት ተንበርክከው ሲቆዩ ወፍ ባርኔጣቸው ላይ ጎጆ መሥራት ጀምራ ነበር የሚል ሰው አለ። ወሬው ትንሽ ጨው በዝቶበት ይሆናል፤ ባርኔጣው ግን እውነት ነው።

ሥራቸው ገብስና ስንዴ ማረስ፣ ጥቂት በግ ማርባት ነው። ስማቸውን ያስጠራው ግን ሽምግልናቸው ነው። ከዳባት እስከ ዛሪማ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ጎረቤት ድንበር ሲገፋፋ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተረት ያወርዳሉ፣ ምሳሌ ይደረድራሉ፤ እሳቸው ንግግር አይሆንላቸውም። የሁለቱም ወገን ጉሮሮ እስኪዘጋ ያዳምጡና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከተበዳዩ ፊት ዱብ ይላሉ። "ስለ እግዚአብሔር ብለህ" ይላሉ። ከዚያ ዝም።

በዚህ አገር ሽበታም ሰው ፊቱ ተንበርክኮ እያየ እምቢ የሚል ሰው እንቅልፍ የለውም። ተበዳዩ መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል። ቀጥሎ ይቁነጠነጣል። ጎረቤት "ኧረ ምን ዓይነት ልብ ነው?" እያለ ማጉረምረም ይጀምራል፤ አንዲት አሮጊት ስለ እርግማን ታነሳለች። በመጨረሻ ሰውዬው "ይነሱ አባቴ፣ ትቼዋለሁ" ይላል። ሁለት ጎልማሶች አያ ይግዛውን በብብታቸው ይዘው ያነሷቸዋል፤ ዕርቅ ወረደ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወርቄ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በኋለኞቹ ዓመታት አያ ይግዛው "አልነሳም" ብለው አያውቁም። መነሳት አቅቷቸው ነው። ቀኝ ጉልበታቸው አንዴ ከታጠፈ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ይልና ይነክሳቸዋል። ሰው ጽናታቸውን ሲያደንቅ፣ እሳቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ላብ ያጠምቃቸዋል። ወይዘሮ ወርቄ እግራቸውን በቅባት እያሹ፣ "በአንቱ ሕመም ስንት ትዳር ዳነ" ይሏቸዋል።

ጉዱ የወጣው በአቶ ገዱ ምክንያት ነው። አቶ ገዱ የበየዳ ሰው ናቸው። እናታቸው ሲቀበሩ፣ ዳባት የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ዋሴ አልደረሰም። መርዶው የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነበር፤ አቶ ገዱ ግን ልኬበት ቀረ ብለው ማሉ፣ ተገዘቱ፣ ወንድማማቾቹ ተቆራረጡ። ዓመታት አለፉ። ዋሴ አያ ይግዛውን ደጅ ጠና። እሳቸውም አቶ ገዱ ለቅዳሜ ገበያ ደባርቅ ሲወርዱ ጠብቀው ከበቅሎ ማሰሪያው አጠገብ፣ ሕዝብ ፊት ተንበረከኩላቸው።

አቶ ገዱ አዩዋቸው። በቅሏቸውንም ፈቱ።

"ይቅርታ ገበያ ላይ አይሸመትም፣ አያ ይግዛው" አሉ። "የሚለምነኝ ካለ እናቴ ከወጣችበት ደጅ መጥቶ ይለምነኝ።" ሄዱም።

አያ ይግዛው መሬት ላይ ቀሩ። ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። በዙሪያቸው ያለው ሰው መጀመሪያ ተደነቀ፤ ገዱ በየዳ ደርሶ እስኪመለስ ሊጠብቁት ነው ተባለ። ሽንኩርት ሻጮቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ገበያው ሲበተን ነው ነገሩ የገባው። አንስተው በባጃጅ ወሰዷቸው፤ እግራቸው አልዘረጋ ስላለ ባጃጁም ውስጥ እንደተንበረከኩ ነበር። ደባርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሥጢሩን አወቀ።

መድኃኒት ፍለጋው ተጀመረ። ወጌሻው ያርጋል ለጋ ቅቤ ቀብቶ እግር ሳይሆን ሊጥ ያገኘ ይመስል አሻቸው። ሌላው በዋግምት ደም አወጣላቸው። ጠበል ገቡ፤ ልባቸው ቀለለ፣ ጉልበታቸው ግን ባለበት ቆየ። የጠበሉ አባት ራሳቸው ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው ብለው ወደ ሆስፒታል ሰደዷቸው።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ዶክተር ትሕትና ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አሳየቻቸው። በላይኛውና በታችኛው አጥንት መካከል የነበረው ልስልስ ትራስ አልቋል፤ አሁን አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋጨው።

"እህል የሌለበት ወፍጮ በይኛ" አሉ።

"ልክ ነው። አባቴ፣ በመጀመሪያ ክብደትዎን መቀነስ አለብዎት።"

አያ ይግዛው ፊታቸው ጠቆረ። ለአንድ ሽማግሌ ክብደት ማለት ስሙ ነው፣ ቃሉ ነው፣ ሲገባ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳለት ነገር ነው። ደባርቅ ገበያ ላይ የሆነባቸውን ይህች ልጅም ሰምታለች ማለት ነው ብለው አሰቡ።

"ልጄ፣ ክብደቱን የቀነሰ ሽማግሌ ምን ይቀረዋል?"

ዶክተር ትሕትና ግራ ገብቷት ሆዳቸውን አየች፤ "ይኸኛውን ነው ያልኩት፣ አባቴ።" ወይዘሮ ወርቄ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት።

ሐኪሟ የነገረቻቸው ሁሉ እንዲህ ሌላ ነገር ይመስላቸው ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው እያነሱ እንዲያቆዩ አዘዘቻቸው፤ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበትን ሸክም ይጋራል አለች። እሳቸውም በራቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲያነሱ ጎረቤታቸው ልደቱ አየና አያ ይግዛው ለደባርቅ እግር ኳስ ቡድን ሊሰለፉ ነው ብሎ አወራ። የሚያመው ቀኝ ከሆነ በትሩ በግራ እጅ ይያዝ ተባሉ። በሽተኛው ወዲህ፣ አስታማሚው ወዲያ እንዴት ይሆናል ብለው ተከራከሩ፤ ሞክረው ሲያዩት ግን እውነትም ቀለላቸው። ኪኒን ተሰጣቸው፤ ከምግብ በኋላ ነው ተባሉ። ሁዳዴ ገባ። ኪኒን ምግብ አይደለም፣ ጾም አያስገድፍም ብለው በራሳቸው ፈረዱና ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይውጡት ጀመር። ጉልበታቸውን ሊያድኑ ጨጓራቸውን አነደዱት። የንስሐ አባታቸውም ሐኪሟም በአንድ ቃል ተቆጧቸው፤ ሁለቱ እንዲህ ሲስማሙ ታይቶ አይታወቅም።

ከዚያ ጉልበታቸው ላይ መርፌ ተወጉ። መርፌው ተአምር ሠራ፤ አያ ይግዛው በፋሲካ ሰሞን እስክስታ ሲሞክሩ ታዩ። ክረምቱ ሲገባ ግን ሕመሙ ተመለሰ። መርፌ እንግዳ ነው፣ ቤቱን አሙቆ ይሄዳል አሉ።

ዶክተር ትሕትና አላታለለቻቸውም። ብዙ ሰው በዚህ በእንቅስቃሴው፣ በበትሩ፣ በኪኒኑ ዕድሜውን ይገፋል፤ የእርስዎ ግን አልፏል፣ የቀረው አዲስ አበባ ሄዶ ጉልበቱን ማስቀየር ነው አለቻቸው። ያለቀውን አጥንት ቆርጠው በብረትና በፕላስቲክ ይተኩታል።

ወሬው ተራራውን ከዶክተሯ ቃል ቀድሞ ወጣ። ጉልበት ሊያስቀይሩ ነው ተባለ። የአማርኛ ነገር፣ ግማሹ እግር መሰለው፣ ግማሹ ኃይል። አያ ይግዛው አዲስ አበባ ደርሰው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ጉልበት ይዘው ሊመጡ ነው ተባለ፤ ወይዘሮ ወርቄን እስላም ጎረቤቶቻቸው ሳይቀሩ አላህ ያጽናሽ አሏቸው። ሕሩይ የሚባል የጃናሞራ ገበሬ ደግሞ በሬው አርጅቶበት ኖሮ ለበሬም ይሆን እንደሆነ ሊጠይቅ ድረስ መጣ።

አያ ይግዛውን ያስፈራቸው ቢላው አልነበረም። ከሐኪሟ ዘንድ ከመውጣታቸው በፊት በሩን ይዘው ዞረው ጠየቁ፤

"ከተቀየረ በኋላ መንበርከክ ይቻላል?"

"ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ቀስ እያሉ ዳገትም ይወጣሉ" አለች። "መንበርከኩ ግን ለብዙ ሰው አይሆንለትም። ክልክል አይደለም። ግን አልዋሽዎትም።"

አናጺ መጥረቢያውን፣ ቀዳሽ ድምፁን ያጣ ጊዜ ምን ይሠራል? እሳቸው አንደበት የላቸውም፤ ያላቸው መሬት የሚነካ ጉልበት ነበር። ሕመሙ ራሱ ሳይሆን አይቀርም ሰውን ያራራው። እየታመሙ ተንበርክከው ካስታረቁ፣ ድነው ቆመው ማንን ያስታርቃሉ? ተንበርክኮ የማይለምን ሽማግሌ ምክር የሚሰጥ መንገደኛ ነው። እንዲህ እንዲህ እያሰቡ ገብሱ መካከል ቆመው ይውሉ ጀመር።

ወይዘሮ ወርቄ ታገሱ፣ ታገሱና አንድ ቀን ጠጋ አሉ።

"ተንበርክከው ለምነውት ያልሰማዎት ሰው አለ።"

"ገዱ።"

"ገዱ ምን አለ? ተንበርከኩልኝ አለ? ደጄ ኑ ነው ያለው። በዚህ እግር ደግሞ በየዳ አይወጣም፣ አንቱ ሰው።"

አያ ይግዛው አዲስ አበባ ሄዱ።

ከወገባቸው በታች አደንዝዘዋቸው ነበርና መዶሻውንም መጋዙንም ሰሙት፤ ሐኪም ቤት የገባሁ መስሎኝ አናጺ ቤት ተኝቼ ነበር ብለው ያወራሉ። በማግስቱ አንስተው አቆሟቸው። ቀዶ ሕክምናው ከዚያ በኋላ ከመጣው ማጠፍና መዘርጋት ጋር ሲተያይ ሰርግ ነው። የምታለማምዳቸው ልጅ ስትገባ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተኙ ይመስሉ ነበር፤ እሷም ጋቢውን ገልጣ "እንደገና ትታጠፍ" ትላቸዋለች። አለቀሱ፣ ረገሙ፣ የረገሙትን መልሰው መረቁ። ቀስ በቀስ ግን ያ የሚነክሳቸው ነገር ጠፋ። አገራቸው ሲገቡ ሰው ሁሉ ጉልበታቸውን እንደ ገንቦ እያንኳኳ ስንጥቅ ያለው እንደሆነ ፈተሸ።

ከርሞ፣ መንገዱ በደረቀ ጊዜ፣ ዋሴን አስከትለው ወደ በየዳ ወጡ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ፣ የመጨረሻውን ዳገት በእግራቸው። በትራቸው በግራ እጃቸው ነበር። ገደሉ ጫፍ ሳር የሚነጭ ጭላዳ ዝንጀሮ ቀና ብሎ አያቸውና አካሄዳቸው ሳያሳስበው ተመለሰ። ዋሴ ከአጥሩ ውጭ ቀረ፤ ወንድሙ ካልጠራው አይገባም።

አቶ ገዱ በራቸው ላይ ሲያዩዋቸው ደነገጡ። ይግቡ፣ ይቀመጡ አሉ። አያ ይግዛው ገቡ፤ አልተቀመጡም። የአገሩ ሥርዓት ነው፤ ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ባለቤትም እንግዳ ቆሞ አይቀመጥም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎጆው መሐል ፊት ለፊት ቆሙ።

አቶ ገዱ መንበርከኩን ጠበቁ፤ መልሱን ካዘጋጁ ቆይተዋል። ሳይንበረከኩ ሲቀሩ ግራ ገባቸው።

"አይንበረከኩም?"

"ብረት ሆኗል፣ አይንበረከክም" አሉ አያ ይግዛው። "ደጅዎ ድረስ ግን አመጣኝ። ስለ እግዚአብሔር ብለው፣ ወንድምዎን።"

አቶ ገዱ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። አያ ይግዛውም። ቆዩ። ቢያሻቸው እስከ ምሽት መቆም ይችላሉ፤ ለምን እንደሆነ ባይገባቸውም አዲሱ ጉልበታቸው ኩራት ኩራት አላቸው። ከዚያ አቶ ገዱ ሰውነታቸውን ወደ ግራ እግራቸው ሲጥሉ አዩ። ትንሽ ቆይተው ወደ ቀኝ። እንደገና ወደ ግራ። እጃቸው ምሰሶውን ፈልጎ ያዘ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ።

አያ ይግዛው ያንን ላብ ያውቁታል። ዓመታት በጋቢያቸው ውስጥ የደበቁት ላብ ነው። ትንሽ ቢታገሡ ሰውዬው ይሸነፋል፤ ለመቀመጥ ሲል እሺ ይላል፣ ዋሴ ይገባል፣ ዕርቅ ወረደ ይባላል። ስንቱን ሰው በራሳቸው ሕመም እንዳስታረቁ አሰቡ። በሌላ ሰው ሕመም ግን አስታርቀው አያውቁም።

ጋቢያቸውን ሰበሰቡና፣ የመጡበትን ሳያገኙ፣ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ሽማግሌ ሆነው ይህን ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው። ዕርቁን በገዛ እጃቸው እንደጣሉት አወቁ።

አቶ ገዱ ትንፋሻቸውን ለቀው ከጎናቸው ዱብ አሉ። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

"የትኛው ነው?" አሉ አያ ይግዛው።

"ሁለቱም። ግራው ይብሳል።"

"ደባርቅ አንዲት ልጅ አለች። መጀመሪያ ክብደትዎን ይቀንሱ ትልዎታለች፤ እንዳይቆጧት።"

አቶ ገዱ ሳቅ ያመልጣቸዋል የሚል ሰው አልነበረም፤ አመለጣቸው። ቀጥለው በተከፈተው በር ወደ አጥሩ አዩ። ከዋሴ ራስ በቀር የሚታይ አልነበረም፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ታናሽ ወንድማቸው መሸበቱን አላሰቡትም ነበር።

"እናታችንን ሳንቀብር ስንጠብቀው ዋልን" አሉ በቀስታ። "እስኪመሽ። መልእክተኛው አልደረሰም ነበር ይሉኛል።"

"አልደረሰም።"

አቶ ገዱ ምሰሶውን ይዘው ሊነሱ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ ከተቀመጡበት ጮክ ብለው ወንድማቸውን በስሙ ጠሩት። ዋሴ ገባ። ይንበርከክ፣ ጉልበት ይሳም፣ ይቁም፣ አላወቀም፤ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ።

"ተቀመጥ" አሉት አቶ ገዱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። "አንተ ስትቆም እኔን ያመኛል።"