ከቆሎ ተማሪው ጋር

አጎቴ በጉበት በሽታ ሲሞት የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከጎጃም አምጥቶ ኮልፌ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። አርባው እንደወጣ የቀበሌ ሰዎች መጥተው ቤቱ ለሌላ ሰው መመደቡን ነገሩኝ። ስሜ መዝገብ ላይ አልነበረም። የአጎቴን ካፖርትና ደብተሮቼን ይዤ ወጣሁ።

በዚያ በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲው ለአዲስ አበባ ልጆች መኝታም ምግብም አይሰጥም ነበር። ቢሮ ገብቼ ቤት እንደሌለኝ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«አድራሻህ ኮልፌ ይላል» አለኝ ሰውየው ፋይሌን እያገላበጠ።

«ነበር።»

«እንግዲያው ከምትኖርበት ቀበሌ አዲስ ደብዳቤ አምጣ።»

የትም እንደማልኖር ደግሜ ብነግረው ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

ሁለት ሳምንት ያህል በአንድ የክፍል ጓደኛዬ ዶርም ወለል ላይ ተኛሁ። ተቆጣጣሪው ደርሶበት «አንተንም አስወጣሃለሁ» ሲለው ሰማሁና ጓደኛዬ ውጣ ሳይለኝ ወጣሁ። እግሬ በልማድ ወደ ኮልፌ ወሰደኝ። እዚያም የምገባበት ስላልነበረኝ አልፌ ቀራንዮ ድረስ ሄድኩና መድኃኔዓለም ግቢ ውስጥ ከአንድ ጽድ ሥር ተቀመጥኩ።

ያገኘኝ አንድ የቆሎ ተማሪ ነው። ለምዱን ደርቦ፣ የሚለምንበትን አኮፋዳ አንግቶ ከሰፈር ሲመለስ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም።

«ወንድሜ፣ ሰው ትጠብቃለህ?»

«አይ፣ ማደሪያ አጥቼ ነው።»

በአነጋገሬ የአገሩ ልጅ መሆኔን ለየ። ቅኔውን ጎጃም ጨርሶ የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊማር የመጣ ነበር። «ጎጆዬ ለሁለት ይበቃል» አለኝ። አይበቃም ነበር፤ የምንተኛው ጉልበታችንን አጥፈን ነው። መምህሩ የኔታ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ይደር» አሉ። በዚያች ቃል እስክመረቅ ድረስ ኖርኩ።

ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ ለሁለት እንካፈላለን። ከትምህርት ስመለስ ሁልጊዜ ይጠይቀኛል።

«ዛሬ ምን ተማርክ?»

«እግዚአብሔር የለም ተባልን።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ጻፍኩ።»

«ጻፍ! ፈተናህን እለፍ እንጂ» ብሎ ይስቃል።

አንድ ጊዜ ውሻ ባቱን ነክሶት መራመድ አቃተው። ሦስት ቀን በእሱ ፋንታ እኔ ለመንኩ። በሁለተኛው ቀን ከአንድ የቆርቆሮ በር ፊት ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል በሩን የከፈተችው አብራኝ የምትማር ልጅ ሆነች። አቀረቀርኩ። ተመልሳ ገብታ ትኩስ ዳቦ አመጣችና አኮፋዳው ውስጥ አኖረችው። ሰኞ ክፍል ውስጥ እንደ ወትሮዋ ሰላም አለችኝ። ትወቀኝ አትወቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን እሷ ባለችበት ረድፍ ተቀምጬ አላውቅም።

«ለምኖ መማር ምኑ ያሳፍራል?» አለኝ ጓደኛዬ ስነግረው። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚሁ ያደገ ነው። እኔ ግን የት እንደማድር ሰው እንዳያውቅብኝ የማልዋሸው ውሸት አልነበረም።

ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ለብሔራዊ ውትድርና የሚደረገው አፈሳ በረታ። አንድ ጠዋት ለፈተና ስወጣ ሻማ ሊገዛ አብሮኝ ወጣ። ጦር ኃይሎች ሳንደርስ አብዮት ጠባቂዎች መንገዱን ዘግተው ወጣቱን ጭነት መኪና ላይ ያሳፍራሉ።

«መታወቂያ!»

የዩኒቨርሲቲ መታወቂያዬን ሰጠሁ። ጠባቂው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፤ «እለፍ» አለኝ።

ጓደኛዬ መታወቂያ አልነበረውም። «የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነኝ። ይኸው፣ ወንድሜ ያውቀኛል» አለ።

«ታውቀዋለህ?» ጠባቂው ወደ እኔ ዞረ። ከኋላችን ደግሞ ሁለት የክፍሌ ልጆች ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«ሰፈር ውስጥ አየዋለሁ» አልኩ።

አብሬው እንደምኖር፣ በእሱ እንጀራ እንደማድር አልተናገርኩም። ብናገር ይለቁት ነበር ብዬ አላስብም፤ ግን አልተናገርኩም። ጓደኛዬን ወደ መኪናው ገፉት። ላይ ከወጣ በኋላ «ለየኔታ ንገርልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሄጄ ፈተናዬን ተፈተንኩ።

ሲመሽ ለየኔታ ነገርኳቸው፤ ለጠባቂው ያልኩትንም አልደበቅኩም። በማግስቱ ቀበሌ አብረን ሄድን፤ ወደ ማሠልጠኛ ተጭነዋል አሉን። በየሳምንቱ ተመላለስን። በኋላ የኔታ ብቻቸውን ይሄዱ ጀመር፤ እኔንም ና ብለው አያውቁም።

የቀሩት ተማሪዎች ለምነው ከሚያመጡት አካፍለውኝ ትምህርቴን ጨረስኩ። ጦርነቱ አብቅቶ ወታደሩ በየመንገዱ ሲመለስ፣ ያኔ ደመወዝተኛ ነበርኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀራንዮ እየሄድኩ ጠየቅኩ። የኔታ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ቀና አሉና «መጣ?» አሉኝ።

«አልመጣም፣ የኔታ» አልኳቸው።