ከሰባ ስልሳ ዘጠኝ

የወርቅ ሳንቲም መርምሮ ደረጃ በሚሰጠው ቢሮ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት ሰውየውን ገና ከበሩ ታውቀዋለች። ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቆ፣ ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ ይገባል። ጓንቱ ወተት ይመስላል፤ የሸሚዙ አንገትጌ ግን ውሃ ካየ ሰንብቷል፣ ሁለት ቁልፍም ወልቆበታል። እጅ አይጨብጥም። ለወርቅ በተጠለቀ ጓንት ሰው ይነካል እንዴ!

«እህቴ፣ እባክሽ አትተንፍሺበት» አላት ሳጥኑን ሲከፍት።

ያው ሳንቲም ነው፤ በቁጥር ጥቂት ብቻ የተሠራ፣ አዲስ፣ ከሰባ ስልሳ ዘጠኝ ያገኘ። ስንቴ ቢያስመረምረው ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለች በሆዷ።

«ጋሼ፣ አንዷ ነጥብ ግን በምን ጎደለችብዎት?» አለችው ሳቋን ውጣ።

«በባለቤቴ! ላስደስተው ብላ በጨርቅ ወለወለችው። ይኸው፣ ፀጉር የምታህል ጭረት ተወችበት።»

«ውይ! ታዲያ ይቅር አይሏቸውም? ለመሆኑ ደህና ናቸው?»

አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ መለሰላት።

«እሷማ ሄደች። ጭረቱ ነው ያልሄደው።»